አሥራ አንድ ቀን የትም ስላልነበረችው ልጄ

ቁጥር፦ 1 (ሁለተኛ የመጻፍ ሐሳብ የለኝም)
ለዜና ማሰራጫው ክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ
ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ በፊት ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ወንበርዎ ለወገብዎ ይስማማዎታል? የቢሮዎ መስኮት በነፋስ ሲንገጫገጭ አያስደነግጥዎትም? ሁለቱም እግሮችዎ በየቦታቸው አሉ? ካሉ ደስታዬ ወሰን የለውም፤ ሰው ሙሉ አካሉን ይዞ ደብዳቤ ሲፈርም እንደማየት የሚያስደስት ነገር የለምና።

እኔን አያውቁኝም። ከፖስታ ቤቱ ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ፣ በሰዓት አዳሹና በቁልፍ ቀራጩ መካከል፣ አንድ በር እንጂ መስኮት በሌላት ክፍል ውስጥ ለአርባ ስድስት ዓመት ማኅተም የቀረጽኩ ሽማግሌ ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት በነሐስና በጎማ ላይ ነው፣ ያውም ተገልብጦ፤ ማኅተም ሲቀረጽ ካልተገለበጠ ሲመታ ቀጥ ብሎ አይነበብም። ከዚህ የተነሳ ወረቀት ባገኘሁ ቁጥር አንድ ጊዜ ቀጥ አድርጌ፣ አንድ ጊዜ ገልብጬ የማንበብ ልማድ አለኝ። የእርስዎንም ደብዳቤ እንደዚሁ አደረግሁት። በየትኛውም በኩል ትርጉም አልሰጠኝም።

ስለ ሥራዬ አንድ ነገር ልጨምር። ከእጄ የሚወጣ ማኅተም ሁሉ ለባለቤቱ ከመሰጠቱ በፊት መጀመሪያ የሚመታው በእኔ መዝገብ ላይ ነው፤ ከጎኑም ቀኑና የመሥሪያ ቤቱ የፈቃድ ደብዳቤ ቁጥር ይሰፍራል። በውጪኛው ክብ ላይ ደግሞ ፀጉር የምታህል ክፍተት እተዋለሁ፤ የት እንዳለች ከእኔና ከመዝገቤ በቀር የሚያውቅ የለም። ሌላ ሰው አስመስሎ ቢቀርጸው ክፍተቷን ስለማያያት ይደፍናታል፣ እኔም በእርሷ እለየዋለሁ። ይህን ለምን እንደምነግርዎ አሁን አይጠይቁኝ። ሽማግሌ ሲያወራ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ይወዳል ብለው ይለፉት።

ይህ ደብዳቤ ከዛሬ ጀምሮ በሥራ ክፍሌ በር ላይ ስለሚለጠፍ፣ ነገሩን ለማያውቅ መንገደኛ ባጭሩ ላስረዳ። ልጄ የእርስዎ መሥሪያ ቤት የጦር ሜዳ ዘጋቢ ናት። ባለፈው ወር መጀመሪያ በእርስዎ መሥሪያ ቤት መኪና፣ ከእርስዎ መሥሪያ ቤት ሾፌር ጋር፣ በእርስዎ ፊርማ ወደ አንዲት የተከበበች ከተማ ተላከች። አሥራ አንድ ቀን ቆየች። ዘጠኝ ዘገባ ላከች፤ አገር ሰማ። በአሥራ አንደኛው ቀን ቀኝ እግሯን ከጉልበቷ በታች አጣች። ከዚያ በሃያ ሁለተኛው ቀን ሆስፒታል እንደተኛች የእርስዎ ደብዳቤ ደረሳት። ቃል በቃል ልገልብጠው፤ ሥራዬ ነውና አንድ ፊደል አልስትም። «የመስክ ተልዕኮ ማረጋገጫ ቅጽዎ በተላኩበት ቦታ በሚገኝ መሥሪያ ቤት ማኅተም ያልተረጋገጠ በመሆኑ፣ ለአሥራ አንድ ቀናት ያለፈቃድ ከሥራ ገበታዎ እንደተለዩ ተቆጥሯል። ደረሰብኝ ያሉት ጉዳትም በግል ጉዳይ ላይ ሳሉ የደረሰ ሆኖ ተመዝግቧል። የመጨረሻ ውሳኔ ለመስጠት ሐሙስ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት በዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እንዲቀርቡ።»

ይኸው ነው። ሐሙስ በሦስት ሰዓት ልጄ ከሥራዋ ትባረራለች፤ እግሯም ሽርሽር ወጥታ የጣለችው እግር ሆኖ በመዝገብ ይሰፍራል። እኔም ይህን ሳነብ ስድብ ሳይሆን ምስጋና መጣብኝ። በተራ በተራ አቀርበዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ትጋትዎ አመሰግናለሁ። ለሃያ ሁለት ቀን ከመሥሪያ ቤትዎ አንድ ሰው የሆስፒታሉን ደጅ አልረገጠም። «መንገዱ ይርቃቸው ይሆናል፣ ሥራ ይበዛባቸው ይሆናል» እያልኩ ለባለቤቴ ስከራከርላችሁ ነበር። ደብዳቤው ግን በሞተር ብስክሌት፣ ዝናብ እየዘነበ፣ በአንድ ቀን ደረሰ። ያመጣው መልእክተኛ ወደ አልጋዋ ጠጋ ብሎ መዝገቡን ዘረጋና «እዚህ ጋ ፈርሚልኝ እህቴ፣ እኔ ምን እንደሆነ አላውቅም» አላት። ከዚያ ብርድ ልብሱ በአንድ በኩል ከጉልበቷ በታች ጠፍጣፋ መሆኑን አየ። ሄልሜቱን አወለቀና ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ «እግዜር ይማርሽ» ብሎ ወጣ። ከመሥሪያ ቤትዎ እስከዛሬ ያየሁት የሰው ወግ ይህ ብቻ ስለሆነ፣ ሰውየው ያለ መመሪያ አዝኗል ብላችሁ እንዳትቀጡብኝ እለምናለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ቅጹ አመሰግናለሁ። ቅጹን በደንብ አጥንቼዋለሁ። «የደረሱበት ቀን»፣ «የተመለሱበት ቀን»፣ ከታች ደግሞ «የአስተናጋጅ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ስም፣ ፊርማና ክብ ማኅተም» ይላል። ስብሰባ አለብኝ ብሎ ወጥቶ ዘመድ ቤት ተኝቶ ለሚመለስ ሠራተኛ የተዘጋጀ ቅጽ መሆኑ ይገባኛል፤ ለእንደዚያ ያለው ሰው እኔም እበረታበት ነበር። ቅጹን ያዘጋጀው ሊቅ ግን ሠራተኛ ከሥራ ገበታው ሊለይ እንደሚችል ሲያስብ፣ ከተማ ከነመሥሪያ ቤቷ ከቦታዋ ልትለይ እንደምትችል አልታየውም።

ልጄ ባለፈው ዓመት ከሌላ ግንባር ማኅተም ያልተመታበት ቅጽ ይዛ በመመለሷ «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» የሚል ወረቀት ተሰጥቷት ነበር። ዘንድሮ በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ከሚሸሸው ሕዝብ ጋር ከከተማዋ ወጣች። ድልድዩን ተሻገሩ። ከሾፌሩ ጋር ሁለት ሰዓት ያህል ነድተው አንድ ነዳጅ ማደያ ደረሱ። ደህና ነበረች ክቡርነትዎ። ሁለት እግር ነበራት፤ ማደያው ግድግዳ ተደግፋ ብስኩት ትበላ ነበር። ስልኳ መሥራት ሲጀምር፣ ከእናቷ በፊት የደወለችው ለእናንተ ነው። የሰው ሀብት አስተዳደር ኃላፊዎ አነሱ።

ቀጥሎ የሆነውን የነገረኝ ሾፌሩ ነው። ባልደረቦቹ «ቀስ በሉ» ይሉታል፤ ለሃያ ዓመት ተሳፋሪውን ሁሉ ሲገሥጽበት የኖረው ቃል ስም ሆኖበት ቀረ። ግራ ጆሮው ስለማይሰማ አሁን ጮክ ብሎ ነው የሚያወራው። እንዲህ አለኝ፤ «ጋሼ፣ ስልኩን ስትዘጋ ፊቷን አየሁት። ‹አዙረው› አለችኝ። ‹ወዴት?› ስላት ‹ወደ ኋላ› አለች። ‹ምነው፣ ሰው ረሳን እንዴ?› ስላት ‹ማኅተም ረሳን› አለችኝ። ሳቅሁ። የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።» ኃላፊዎ በስልክ ያሏት ይህን ነበር፦ «ያለ ማኅተም ብትመጪ እንዳልሄድሽ ነው የሚቆጠረው፤ አሁንስ ሁለተኛሽ ነው።»

ስለዚህ ሁለት ሰዎች ሕዝብ ሁሉ ከሚሸሽበት አቅጣጫ በተቃራኒ፣ ባዶ መንገድ ላይ ብቻቸውን፣ ቀለም የተቀባ ጎማ ፍለጋ ተመለሱ። የማዘጋጃ ቤቱ ደረጃ ደህና ነበር፤ ስትወጣው ግን የሚያደርሰው ሰማይ ላይ ነው፤ ፎቁ የለም። ልጄ በሰነበተችበት ወፍጮ ቤት ምድር ቤት ውስጥ፣ መሄድ ካልቻሉት ሰዎች ጋር፣ የማዘጋጃ ቤቱን መዝገብ ቤት ሠራተኛ አገኟት፤ በዕድሜ የገፋች ሴት ናት። ልጄ ማኅተሙን ስትጠይቃት ሴትዮዋ እንዲህ አለቻት፤ «ከንቲባው በመጨረሻዋ መኪና ሲወጣ ኪሱ ከተተው፣ ልጄ። ለእኔ ቦታ የለም አለኝ። ምን ላድርግ፣ እኔ ክብ አይደለሁ!» ምድር ቤቱ ሁሉ ሳቀ አሉ። ከዚያ ቅጹን ተቀብላ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችና፣ ማኅተም በሚመታበት ሣጥን ውስጥ በእጇ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ማኅተም የለም። እኔ ግን አይቻታለሁ። ከእኛ ጋር ነበረች።» ስሟን ጻፈች፣ ፈረመች፣ ቀን ጨመረች።

በአርባ ስድስት ዓመት ብዙ ወረቀት አይቻለሁ። ከዚህ የሚበልጥ ማረጋገጫ አላየሁም። የእርስዎ መሥሪያ ቤት በቀይ እስክሪብቶ «ተቀባይነት የለውም» ብሎ ጻፈበት።

ሲመለሱ ድልድዩ ላይ የሆነውን አልጽፍም፤ እናቷ ይህን ደብዳቤ ታነባለች። «ቀስ በሉ» እግሯን በቀበቶው አሥሮ፣ ከጆሮው ደም እየወረደ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍሬን ሳይነካ ነዳ። ያ ሰው ያን ቀን ቀስ ቢል ኖሮ እኔ ይህን የምስጋና ደብዳቤ ሳይሆን ሌላ ዓይነት ደብዳቤ እጽፍልዎ ነበር። ቅጹን በተመለከተ ግን አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። «የተመለሱበት ቀን» በሚለው ፊት የልጄን እንጂ የእግሯን ምን ብለን እንደምንሞላ መመሪያው አይገልጽም። እግሯ እስካሁን ከመስክ አልተመለሰም። ያለፈቃድ ቀርቶ ከሆነ ለእርሱም ማስጠንቀቂያ ቢጻፍለት መልካም ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ጥይት መከላከያው ሰደርያ አመሰግናለሁ። ሰደርያው አንድ ነበር፤ ሰዎቹ ሁለት። በመመሪያዎ ሾፌር «ለአደጋ የማይጋለጥ ሠራተኛ» ተብሎ የተመደበ በመሆኑ አይሰጠውም አሉ፤ ጥይትም መመሪያውን አንብቦ ጋዜጠኛዋን ብቻ እየመረጠ ይመታል ማለት ነው። እነርሱ ግን መመሪያ የማያከብሩ ሰዎች ስለሆኑ በተራ ይለብሱት ነበር። መኪና ሲነዳ እርሱ፣ ወጥታ ስታነጋግር እርሷ። ድልድዩ ላይ ተራው የእርሱ ነበር። አሁን ከስብሰባ ጥሪው ጋር ተያይዞ «በስምዎ የወጣውን ሰደርያ በነበረበት ሁኔታ ባስቸኳይ ይመልሱ» የሚል ሁለተኛ ወረቀት መጥቷል። ባለቤቴ ሦስት ጊዜ አጥባዋለች። በነበረበት ሁኔታ አልሆነም።

አራተኛ፣ ስለ ድምጿ አመሰግናለሁ።

ልጄ እንዴት እንደምትሠራ ያውቃሉ? አያውቁም፤ ውጤቱን ብቻ ነው የሚሰሙት። የምትናገረውን ከመናገሯ በፊት ሁለት ሰው ያየው መሆኑን ታረጋግጣለች፤ አንድ ሰው ብቻ ያየው ከሆነ «አንድ ሰው እንደነገረኝ» ትላለች። ሦስት ሰው ሞተ ሲሏት የሦስቱን ስም ትጠይቃለች፤ ስም ካላገኘች ቁጥሩን አታነሳም። በዚያ ምድር ቤት መቅረጫዋን የምትሞላው ከመኪናው ባትሪ ነበር። ድምፅ ስትቀርጽ የልጆች ለቅሶ እንዳይገባ ብርድ ልብስ ትከናነብ ነበር፤ ቀጥሎ ደግሞ ለቅሶው መግባት አለበት ብላ ብርድ ልብሱን ገለጠችው። ዘገባዋን ለመላክ ሲመሽ ወፍጮ ቤቱ ጣሪያ ላይ በሆዷ ተስባ ትወጣና ስልኳን ወደ ላይ ትይዛለች፤ ከአራት ደቂቃ በላይ ከቆየች ከኮረብታው የሚያያት እንዳለ ስለምታውቅ እስከ አራት ደቂቃ ብቻ። አንድ ቀን አምስት ደቂቃ ቆየች፤ የጣሪያው ጥግ በተኩስ ተገነጠለ። በማግስቱ በአራት ደቂቃ ወረደች። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ስለ አየር ጠባይ እንደምታወራ ሆና ነው።

የእርስዎ መሥሪያ ቤት ይህን ድምፅ ወድዶታል። በየሰዓቱ ከዜና በፊት ሙዚቃ ይመታና የልጄ ድምፅ «ካለሁበት ከስፍራው» ይላል፤ ከኋላው የከባድ መሣሪያ ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው «እኛ ሁሌም በቦታው ነን!» ይላል። ሆስፒታል ውስጥ፣ ከእርሷ ክፍል ጎን ያለች ታማሚ ሬዲዮ አላት። ልጄ የራሷ ድምፅ በቀን አሥራ ስምንት ጊዜ «ከስፍራው» ሲል እየሰማች፣ ከስፍራው አልነበርሽም የሚለውን ደብዳቤ ትራሷ ሥር አድርጋ ትተኛለች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሲመቱ አይቻለሁ፤ ዳውላውን እየሸጡ አህያው አልነበረም ሲሉ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ለመሆኑ ያ ፍንዳታ የማን ነው? እሱስ የመስክ ቅጹን ሞልቷል?

አምስተኛ፣ ስለ ምክራችሁ አመሰግናለሁ።

ያቺ ከተማ የምትጠቀምበትን ማኅተም የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት፣ በመዝገቤ ላይ ተመትቶ አለ፤ ንድፉም በሳጥኔ ውስጥ አለ። ልጄ ማኅተም የተመታበት ቅጽ አጥታ ልትባረር ነው፣ ማኅተሙን የቀረጸው ደግሞ አባቷ ነው። ውሃ ዳር ተቀምጦ ውሃ ጠማው የሚሉት ዓይነት ነው፤ ሳቅ ከመጣብዎ ይሳቁ። ባለፈው ሰኞ የሰው ሀብት አስተዳደር ኃላፊዎ ደወሉልኝ። እንዲህ አሉኝ፤ «አባታችን፣ እርስዎ እያሉ ማኅተም ይቸግራል እንዴ? ነገሩን ለምን ታካብዱታላችሁ? ቅጹን ሐሙስ ከስብሰባው በፊት ጨራርሰው ይላኩልን፣ ፋይሉ ይዘጋል። ለእኛም እኮ ልጃችን ናት።»

ክቡር ሆይ፣ ይህን ንግግር ገልብጬም ቀጥ አድርጌም አየሁት። አገር የሰማውን ድምፅ አላመናችሁም። የመዝገብ ቤቷን ሴት የእጅ ጽሑፍ አላመናችሁም። የተቆረጠውን እግር አላመናችሁም። እኔ ከፖስታ ቤቱ ጀርባ ተቀምጬ የምቀርጸውን ውሸት ግን ለማመን ተዘጋጅታችኋል። ለዚያውም ውሸት መሆኑን እያወቃችሁ!

ቤቴ ለሁለት ተከፈለ። ታላቁ ልጄ «አባባ፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅብህም። ነበረች አይደል? ውሸቱ የቱ ላይ ነው?» አለኝ። ባለቤቴ ደግሞ አርባ ዓመት አብራኝ ኖራ ተናግራኝ የማታውቀውን ተናገረችኝ፤ «አንተ ሰው፣ ክብርህን በልጅህ እግር ላይ ልታቆመው ነው?» ሁለት ሌሊት ምግብ አላቀረበችልኝም። አልፈርድባትም።

ሄጄ ልጄን ጠየቅኋት። «ልቅረጸው ወይ?» አልኳት። «አባባ፣ ብትቀርጸው እኔ አላስገባውም» አለችኝ። «ለምን ተመለስሽ ታዲያ? ለምን ከማደያው ተመለስሽ?» ስላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና «ማኅተም የሌለው ወረቀት ወሬ ነው ትለኝ የለ» አለች። ልትወቅሰኝ አይደለም። የሚያስቅ ነገር እንደምትነግረኝ ሆና ነው ያለችው።

ብዬ ነበር። ትንሽ ሳለች ከሥራ ክፍሌ ወለል ላይ ተቀምጣ፣ የተበላሹ ማኅተሞችን እያነሳች አሮጌ ጋዜጣ ላይ ስትመታ፣ አንድ መቶ ጊዜ ብያታለሁ። ልጄን ወደ ድልድዩ ከመለሷት ሰዎች መካከል ሁለተኛው እኔ ነኝ። የመጀመሪያው የእርስዎ መሥሪያ ቤት ነው፤ እኔ የእኔን ድርሻ ተሸክሜያለሁ፣ እርስዎ የራስዎን እስካሁን አላነሱትም። ተሳስቼ እንደነበርም አውቄያለሁ። ወሬ የሚሆነው ምስክር የሌለው ወረቀት ነው። ማኅተም ምስክሩ ሩቅ ሲሆን የሚላክ ተወካይ ነው እንጂ ምስክሩን የሚያባርር ጌታ አይደለም። ይህን ለማወቅ አርባ ስድስት ዓመትና አንድ እግር ፈጅቶብኛል። እርስዎ በነጻ ያንብቡት።

ቢሆንም አልቀረጽኩም፤ አልቀርጽምም። ልጄ ነበረች። የነበረ ሰው እንዳልነበረ ሰው ተደብቆ፣ በሐሰት ማኅተም ተጠግቶ አይገባም።

ስለዚህ ሐሙስ በሦስት ሰዓት እንመጣለን። ልጄ ትመጣለች፤ «ቀስ በሉ» ይነዳታል። ቅጹን እናመጣለን፣ በዚያች ሴት የእጅ ጽሑፍ እንደተሞላ። እኔም መዝገቤን ይዤ እመጣለሁ። ምሕረት አንጠይቅም፣ እንደ ውለታ የሚሰጥ ነገርም አንፈልግም። በፋይሏ ላይ አንድ ቃል እንዲጻፍ ብቻ እንፈልጋለን፦ «ነበረች»።

እስከዚያው ድረስ ሥራዎ ይቃናልዎ፣ እስክሪብቶዎ አይድረቅ፣ ወንበርዎ አይንቀጥቀጥ፣ ሳይነሱ የሚሠሩት ሥራ ይብዛልዎ፣ ከቢሮዎ ወደ መኪናዎ በሚወስደው ደረጃ ላይ እንኳ ጠጠር አይንካዎ እያልኩ፣ ለትዕግሥትዎ፣ ለርኅራኄዎና በልጄ ድምፅ ላይ ለጨመራችሁት ሙዚቃ ያለኝን ምስጋና በታላቅ አክብሮት እደግማለሁ።

ከፖስታ ቤቱ ጀርባ ያለው ማኅተም ቀራጭ
(ማኅተም አልመታሁበትም፤ የራሴ ማኅተም የለኝም፣ ኖሮኝም አያውቅም።)

ግልባጭ፦
ለዲሲፕሊን ኮሚቴው አባላት በሙሉ
ለሰው ሀብት አስተዳደር ኃላፊ፣ ከስልካቸው አጠገብ እንዲያኖሩት
ወፍጮ ቤት ላሉት ሴትዮ፣ መንገድ ሲከፈት
ለሥራ ክፍሌ በር

ማስታወሻ፦ ልዘጋው ስል አንዲት ትንሽ ነገር ትዝ አለችኝ። የእርስዎንም መሥሪያ ቤት ማኅተም ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የቀረጽኩት እኔ ነኝ፤ በመዝገቤ ላይ አለ። በልማዴ፣ ልጄን በሚጠራው ደብዳቤ ላይ ያለውን የማኅተም ምት በማጉያ መስተዋት አየሁት። ያቺ ፀጉር የምታህል ክፍተት የለችም፤ ክቡ ዙሪያውን ደፍን ነው። ዓይኔ ደክሞ ይሆናል ብዬ የልጄን የደብዳቤ ሳጥን አወጣሁ። በቅጥር ደብዳቤዋ ላይ ክፍተቷ አለች። ከእርስዎ በፊት የነበሩት ኃላፊ በጻፉላት የዕድገት ደብዳቤ ላይም አለች። ከሁለት ዓመት ከአራት ወር በፊት የእርስዎን መሾም ለሠራተኛው ካበሠረው ደብዳቤ ጀምሮ ግን፣ ባለፈው ዓመት የተሰጣትን የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ጨምሮ፣ በአንዱም ላይ የለችም። እውነተኛው ማኅተም የት እንደገባ አላውቅም። መጥፋቱ ሲታወጅ አልሰማሁም፤ ምትኩን ለማስቀረጽ የፈቃድ ደብዳቤ ይዞ እኔ ዘንድ የመጣም የለም። አሁን የምትመቱበትን ማን በየት መንገድ ዳር እንደቀረጸላችሁ እርስዎ ያውቃሉ። እንግዲህ እውነተኛ ማኅተም የሌለበት ወረቀት ይዞ የተገኘ ሠራተኛ እንዳልነበረ የሚቆጠር ከሆነ፣ ክቡርነትዎ በገዛ መመሪያዎ ለሁለት ዓመት ከአራት ወር ያለፈቃድ ከሥራ ገበታዎ ተለይተዋል፤ ልጄ አሥራ አንድ ቀን ብቻ ነው። ሐሙስ በኮሚቴው ፊት አብረን እንቀርባለን። ለልጄ አንድ ወንበር ያዘጋጁላት። እርስዎ መቆም ይችላሉ፤ ሁለቱም እግሮችዎ ደህና መሆናቸውን ከላይ ጠይቄያለሁ።